በእንግሊዝኛ ከስም በኋላ «ዛት» ሲመጣ የትኛው ረዳት ግስ ይከተላል? ደረጃ በደረጃ

«ቲቸር፣ ከ‹ፖሲቢሊቲ ዛት› በኋላ ‹ካን› ነው ‹ሜይ›?»

ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ ሳይቀርብልኝ ያለፈ ሴሚስተር የለም። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ሲቃረብ ይጠይቁኛል። ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ የታዘዙ የወረዳ ባለሙያዎች ይደውሉልኛል። የእርዳታ መጠየቂያ የሚያዘጋጁ የማኅበር ጸሐፊዎችም ወረቀታቸውን ይዘው ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። ስሙ ይለያያል፤ አንዱ «ሆፕ» ይላል፣ ሌላው «ሰጀስሽን» ይላል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ የምትሠሩበት አድርጌ እዚህ ጻፍኩት።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ረዳት ግሱን የሚመርጠው ከ«ዛት» ፊት የቆመው ስም ነው። በአማርኛ ስታስቡት የነበረው «ይችላል» ወይም «አለበት» አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ የምትከተሉት መንገድ ነው።

የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጡት። አጻጻፉን የተጠራጠራችሁትን ቃል መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጉ። በጆሮ የሰማችሁትን ራሳችሁ ስትጽፉት፣ አይታችሁ ከምትገለብጡት ይልቅ ይያዝላችኋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር፣ ሁለት ቀለም ያለው እስክሪብቶ። በአንዱ ስሙን፣ በሌላው ረዳት ግሱን ታሰምሩበታላችሁ።
- ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፤ መጽሐፍም ይሁን ስልክ ላይ ያለ። አማርኛ ፍቺ ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ ስሙ ከምን ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ የምሳሌ ዐረፍተ ነገር ያስፈልጋችኋል።
- ከደብተር የተቆረጡ 20 ያህል ትናንሽ ወረቀቶች። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስም ትጽፋላችሁ።
- ራሳችሁ የጻፋችሁት አንድ ገጽ እንግሊዝኛ። የሰው ጽሑፍ ላይ ስሕተት መፈለግ ይቀላል፤ የምትማሩት ግን ከራሳችሁ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ዘጠኙን ዋና ዋና ረዳት ግሶች ደብተሩ አናት ላይ ጻፉ፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ዊል፣ ዉድ፣ ሻል፣ ሹድ፣ መስት። ከእነዚህ 9 በኋላ የሚመጣው ግስ ምንም አይጨመርበትም፤ «ቱ» ከፊቱ፣ «ኤስ» ወይም «ኢድ» ከኋላው አይገባም። ይህን የማታውቁት ከሆነ እዚሁ ላይ አንድ ቀን ቆዩበት።

1. አማርኛውን ከጅራቱ ያዙት

በአማርኛ ሐሳቡ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል፤ «የሚል» መካከል ላይ ሆኖ ሁለቱን ያያይዛል። በእንግሊዝኛ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። «ዝናቡ ቶሎ ሊያቆም ይችላል የሚል ስጋት አለ» የሚለውን ውሰዱ። በሦስት ቁረጡት፦ ዝናቡ ቶሎ ሊያቆም ይችላል / የሚል / ስጋት። አሁን ከጅራቱ ጀምሩ፦

ዜር ኢዝ ኤ ፊር ዛት ዘ ሬይንስ ሜይ ኤንድ ኧርሊ።

«ፊር» ስጋት ነው፣ «ዛት» የ«የሚል»ን ቦታ ይዟል፣ የቀረው ሐሳቡ ነው። ስሙን አስቀድማችሁ ካላወጣችሁ ረዳት ግሱን የሚመርጥላችሁ አይኖርም። ስለዚህ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የቀሩትን ሁሉ በግምት ይሠራል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። አማርኛ አንዳንድ ጊዜ ስሙን ጭራሽ አያወጣውም። «ግዕዝ ማንበብ መቻሏ ረድቷታል» ስንል «መቻሏ» ብቻውን ይበቃል። እንግሊዝኛ ግን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ «ፋክት» የሚል ስም ያስገባል፦

ዘ ፋክት ዛት ሺ ካን ሪድ ግዕዝ ሃዝ ሄልፕድ ሀር።

በተለይ «ዲስፓይት» እና «ቢኮዝ ኦፍ» ሲቀድሙ «ዘ ፋክት» የግድ ነው። «ዲስፓይት ዛት ሺ ካን ሪድ» ብላችሁ የጻፋችሁት ካለ አሁኑኑ አርሙት፤ «ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት ሺ ካን ሪድ» ነው የሚባለው። መቻሏ፣ መሆኑ፣ መምጣታቸው፣ እንዲህ ያለ ቃል አማርኛችሁ ውስጥ ስታዩ «ፋክት» መግባት ይኖርበት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

2. ስሙ «ዛት»ን የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ

ሁሉም ስም አይቀበልም። «አቢሊቲ» (ችሎታ)፣ «ፐርሚሽን» (ፈቃድ)፣ «ኦፖርቹኒቲ» (ዕድል)፣ «አተምት» (ሙከራ) የሚባሉት የሚፈልጉት «ቱ» እና ግስ ነው።

ሂ ሃዝ ዘ አቢሊቲ ቱ ስፒክ ስሪ ላንጉዌጅስ።

«ሂ ሃዝ ዘ አቢሊቲ ዛት ሂ ካን ስፒክ» አይባልም። በአማርኛም «መናገር ይችላል የሚል ችሎታ አለው» አንልም፤ «የመናገር ችሎታ አለው» ነው የምንለው። ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው፦ አማርኛው «የመ...» ሲል ወደ «ቱ»፣ «የሚል» ሲል ወደ «ዛት» ያደላል። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ስትጠራጠሩ ግን መነሻ ይሆናችኋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። «አቢሊቲ» ውስጥ መቻል አለ፣ «ፐርሚሽን» ውስጥ መፈቀድ አለ። ረዳት ግሱ ሊናገር የነበረውን ስሙ አስቀድሞ ተናግሮታል።

«ቻንስ» ሁለት ፊት አለው፤ ለብቻው ያዙት። ዕድል ወይም አጋጣሚ ሲሆን «ቱ» ይከተለዋል፦ «ኤ ቻንስ ቱ ስተዲ»፣ የመማር ዕድል። ሊሆን የሚችል ነገር ሲሆን «ዛት» ይከተለዋል፦ «ኤ ቻንስ ዛት ሺ ዊል ፓስ»፣ የማለፍ ተስፋ አላት እንደማለት።

መዝገበ ቃላቱን የምትከፍቱት እዚህ ላይ ነው። ስሙን ፈልጉ፣ ፍቺውን እለፉት፣ ምሳሌዎቹን አንብቡ። ከስሙ ቀጥሎ «ዛት» የሚል ምሳሌ ካገኛችሁ ስሙን ወረቀቱ ላይ ጻፉና ወደሚቀጥለው ደረጃ ሂዱ።

3. «ዛት» የትኛው «ዛት» እንደሆነ ለዩ

ይህን ፈጠን ብለን እንለፈው፤ መለያው ቀላል ነው። እነዚህን ሁለቱን አስተያዩ፦

ዘ ኒውስ ዛት ዘ ብሪጅ ማይት ቢ ክሎዝድ...
ዘ ኒውስ ዛት ሂ ብሮት...

የመጀመሪያው «ድልድዩ ሊዘጋ ይችላል የሚለው ወሬ» ነው፤ ከ«ዛት» በኋላ ያለው ብቻውን ቢቆም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው «እሱ ያመጣው ወሬ» ነው፤ ከ«ዛት» በኋላ ያለው ተሳቢው ጎድሎታል። «ዛት»ን በ«ዊች» ለውጡት። ካስኬደ ሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ካላስኬደ እኛ የምንፈልገው ነው። ሌላም መፈተኛ አለ፦ በስሙና በ«ዛት» መካከል «ኢዝ» አስገቡ። «ዘ ኒውስ ኢዝ ዛት ዘ ብሪጅ ማይት ቢ ክሎዝድ» ይሄዳል፤ «ዘ ኒውስ ኢዝ ዛት ሂ ብሮት» አይሄድም።

መለየቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ በሁለተኛው ዓይነት ላይ ስሙ ረዳት ግሱን አይመርጥም። «ኒውስ ዛት ዩ ካን ትረስት» ማለት «ልታምኑት የምትችሉት ወሬ» ነው፤ «ካን» እዚያ የገባው በሐሳቡ እንጂ በ«ኒውስ» አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን የቤተሰብ ሕግ በዚህ ዓይነቱ ላይ አትጫኑት።

4. ስሙን ወደ ቤተሰቡ መልሱት

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

መጀመሪያ የ«ይችላል»ን ጉዳይ እንጨርስ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯ ላይ እንዲህ ጽፋ አመጣችልኝ፦ «ዜር ኢዝ ኤ ፖሲቢሊቲ ዛት ዘ ሮድ ካን ክሎዝ»። ስለ አባይ በረሃ መንገድ ነበር፤ ክረምት ላይ ናዳ ሲወርድ አውቶቡስ ቆሞ የሚያድርበት።

«በአማርኛ ምን ልትዪ ነበር?» አልኳት።

«መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።»

«መንገዱ ለመዘጋት አቅም አለው?»

ሳቀች። «የለውም።»

«ፈቃድ ተሰጥቶታል?»

«አልተሰጠውም።»

«ታዲያ ምን ማለትሽ ነው?»

ትንሽ አሰበችና «ምናልባት ይዘጋ ይሆናል» አለች። «ካን»ን ሠረዘች፣ ከላዩ «ሜይ» ጻፈች። ቀጥላ ሳልነግራት «ክሎዝ»ንም ሠርዛ «ቢ ክሎዝድ» አደረገችው፤ መንገድ ራሱን አይዘጋም፣ ሌላ ነገር ይዘጋዋል እንጂ። «ዜር ኢዝ ኤ ፖሲቢሊቲ ዛት ዘ ሮድ ሜይ ቢ ክሎዝድ»። ሦስቱን ጥያቄ ደብተሯ ዳር ላይ ጻፈቻቸው፤ እናንተም ጻፉ፦ አቅም አለው? ተፈቅዶለታል? ምናልባት ይሆናል? አማርኛ ሦስቱንም በአንድ «ይችላል» ይጠቀልላቸዋል። እንግሊዝኛ ይለያያቸዋል፣ ስሙም የትኛው እንደሆነ ይጠቁማችኋል።

አሁን ወደ ቤተሰቦቹ። ወረቀቶቻችሁን ጠረጴዛ ላይ አውጡና እያነበባችሁ አምስት ቦታ ክምሩ።

የስጋትና የምናልባት ቤተሰብ። ፖሲቢሊቲ፣ ቻንስ፣ ሪስክ፣ ዴንጀር፣ ፊር፣ ኮንሰርን፣ ሰስፒሽን። ከእነዚህ በኋላ ሜይ፣ ማይት፣ ኩድ ይመጣሉ። «ዊል»ም ይመጣል፤ «ዜር ኢዝ ኤ ሪስክ ዛት ዘ ሲድ ዊል ሮት»፣ ዘሩ የመበስበስ አደጋ አለው፣ ትክክል ነው፤ «ምናልባት» የሚለውን «ሪስክ» ራሱ ስለተሸከመው። «ካን» ግን አይሆንም። «ካን» አንዳንዴ የሚደርስን፣ በባሕርዩ የሚሆንን ነገር ይናገራል እንጂ ነገ ሊደርስ ስለሚችል አንድ ነገር አይናገርም። ከ«ፋክት» በኋላ «ዘ ጎርጅ ካን ቢ ቬሪ ሆት»፣ በረሃው በጣም ሊሞቅ ይችላል፣ ያስኬዳል፤ የበረሃው ባሕርይ ነውና። «ነገ መንገዱ ይዘጋ ይሆናል» ለማለት ግን «ካን» አይሆንም። ከተጠየቅኩት ሁሉ ግማሽ ያህሉ ስሕተት የሚወድቀው በዚህ ቤተሰብ ላይ ስለሆነ ደጋግማችሁ አንብቡት።

የተስፋና የቃል ኪዳን ቤተሰብ። ሆፕ፣ ፕሮሚስ፣ ኤክስፔክቴሽን፣ አሹራንስ፣ ጋራንቲ፣ ፕሪዲክሽን። የእነዚህ ግስ «ዊል» ነው፤ ዋናው ግስ ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲሄድ «ዉድ» ይሆናል። አንድ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ከቢቸና ይዞልኝ የመጣው ደብዳቤ ላይ «አወር ሆፕ ዛት ዘ ሲድ ካን አራይቭ» የሚል ነበረበት። ሰውዬው ያሰበው «ዘሩ ከክረምት በፊት ይደርሳል የሚል ተስፋ» ነው። «ካን» ያለበትን የሚያነብ ሰው ግን «መድረሱ ይቻል ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተስፋው ጥርጣሬ ይመስላል። «ዊል» አደረግነው፦

ዊ ራይት ኢን ዘ ሆፕ ዛት ዘ ሲድ ዊል አራይቭ ቢፎር ዘ ሬይንስ።

የምክርና የጥያቄ ቤተሰብ። ሰጀስሽን፣ ሪኮመንዴሽን፣ ፕሮፖዛል፣ ዲማንድ፣ ሪኩዌስት፣ ሪኳየርመንት፣ አድቫይስ። እዚህ «ሹድ» ይገባል፦

ዘ ሪኮመንዴሽን ዛት ፋርመርስ ሹድ አድ ላይም ቱ አሲዲክ ሶይል ኢዝ ኖት ኒው።

አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ይጨመር የሚለው ምክር፤ በአዊና በምዕራብ ጎጃም እርሻ የሚያርስ ሰው የሚያውቀው ነው። ሌላም መንገድ አለ፦ «ሹድ»ን አውጥቶ ግሱን ባዶውን መተው። «ዘ ዲማንድ ዛት ዘ ኮንትራክተር ፊኒሽ ዘ ብሪጅ»፣ ኮንትራክተሩ ድልድዩን ይጨርስ የሚለው ጥያቄ። «ፊኒሽስ» አይደለም፣ «ፊኒሽ» ነው፤ ባለቤቱ አንድ ሰው ቢሆንም «ኤስ» አይጨመርም። አሜሪካኖች ባዶውን ግስ ይወዳሉ፣ እንግሊዞች «ሹድ»ን በብዛት ይጠቀማሉ። እኔ ለጀማሪ «ሹድ»ን እመክራለሁ፤ ባለቤቱ አንድ ይሁን ብዙ፣ ጊዜው ይለወጥ አይለወጥ፣ «ሹድ» ባለበት ይቆማል።

ማስጠንቀቂያ፦ በምርጫ ፈተና ላይ «ሹድ» ከምርጫው ውስጥ ላይኖር ይችላል። «ዘ ሪኩዌስት ዛት ኤቭሪ ስቱደንት ____ ኤ ፎቶ» ተብሎ «ብሪንግስ፣ ብሪንግ፣ ብሮት፣ ብሪንጊንግ» ቢሰጣችሁ መልሱ «ብሪንግ» ነው። ጎበዝ ተማሪ «ስቱደንት ነጠላ ነው» ብሎ «ብሪንግስ»ን ይመርጥና ነጥቡን ያጣል። አሉታዊ ሲሆን ደግሞ «ኖት» ብቻውን ከግሱ ፊት ይቆማል፦ «ዛት ሂ ኖት ጎ»። «ዳዝ ኖት» አይገባም።

«ሰጀስሽን» ሁለት ቤተሰብ አለው። ምክር ሲሆን ከ«ሹድ» ጋር ይሄዳል፤ ፍንጭ ወይም ጥርጣሬ ሲሆን ግን ከምናልባት ቤተሰብ ይቆጠራል፦ «ኤ ሰጀስሽን ዛት ሂ ሜይ ሃቭ ላይድ»፣ ዋሽቶ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ። ሁለት ወረቀት ላይ ጻፉትና አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ አስቀምጡ።

የመደምደሚያ ቤተሰብ። ኮንክሉዥን፣ ቢሊፍ፣ ኮንቪክሽን፣ አሰምፕሽን። እነዚህ ብዙ ረዳት ግስ ይቀበላሉ፤ ተማሪ የሚስተው ግን «መስት»ን ነው። አማርኛ «አለበት»ንም በሁለት ትርጉም ይጠቀማል። «ደብዳቤው ዛሬ መድረስ አለበት» ግዴታ ነው፤ «ደብዳቤው ጠፍቶ መሆን አለበት» ግምት ነው፣ ጠፍቶ ሳይሆን አይቀርም እንደማለት። ከ«ኮንክሉዥን» በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፦

ዘ ኮንክሉዥን ዛት ዘ ሌተር መስት ሃቭ ቢን ሎስት...

«ሹድ» ብትሉት ደብዳቤው መጥፋት ነበረበት፣ ቢጠፋ ይሻል ነበር እንደማለት ይሆናል። የዚህ «መስት» አሉታ «መስት ኖት» አይደለም፤ «ካንት» ነው፦ «ዘ ቢሊፍ ዛት ኢት ካንት ቢ ትሩ»፣ እውነት ሊሆን አይችልም የሚል እምነት። «መስት ኖት» ክልከላ ነው፤ አትግባ፣ አትንካ።

የእውነታ ቤተሰብ። ፋክት፣ ኒውስ፣ ኤቪደንስ፣ ኖውሌጅ። እነዚህ አይመርጡም፤ ሐሳቡ የሚፈልገውን ይቀበላሉ፣ ብዙ ጊዜም ያለ ረዳት ግስ ይሄዳሉ። «መቻሏ» በእውነት አቅም ሲሆን «ካን» በትክክል የሚገባው እዚህ ነው።

5. ጊዜውን አስተካክሉ

ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አንደኛ፦ ዋናው ግስ ኃላፊ ነው? ከሆነ ዊል ወደ ዉድ፣ ካን ወደ ኩድ፣ ሜይ ወደ ማይት ይለወጣል። ማይት፣ ኩድ፣ ዉድ፣ ሹድ ባሉበት ይቆያሉ።

ሂ ጌቭ ሚ ሂዝ ፕሮሚስ ዛት ሂ ዉድ ካም ኦን መንዴይ።

ሁለተኛ፦ የተነገረው ነገር ቀድሞ ያለፈ ነው? ከሆነ ከረዳት ግሱ በኋላ «ሃቭ» እና ሦስተኛው የግስ መልክ ይመጣል። «ዘሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል የሚል ስጋት» ስንል በአማርኛ «በስብሶ» ነው ያለፈውን የሚነግረን፤ በእንግሊዝኛ «ፊር ዛት ዘ ሲድ ሜይ ሃቭ ሮትድ» ይሆናል። «ሊበሰብስ» እና «በስብሶ ሊሆን» የሚሉትን ለዩ፤ የመጀመሪያው «ሜይ ሮት»፣ ሁለተኛው «ሜይ ሃቭ ሮትድ» ነው።

6. ጽፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ

«ዛት»ን አታውጡ። «አይ ሆፕ ዩ ዊል ካም» ላይ የ«ዛት» መቅረት ችግር የለውም፤ «ሆፕ» እዚያ ግስ ነውና። ስም ሲሆን ግን «ዛት» ይቆይ፤ ከወጣ አንባቢው ስሙ የት አብቅቶ ሐሳቡ የት እንደጀመረ ይጠፋበታል። በስሙና በ«ዛት» መካከል ኮማ አታድርጉ። ከዚያ ስሙን በአንድ ቀለም፣ ረዳት ግሱን በሌላ ቀለም አሰምሩና ሁለቱን ብቻ አንብቡ፦ ፊር፣ ሜይ። ሆፕ፣ ዊል። ሪኮመንዴሽን፣ ሹድ። ጥንዱ ከቤተሰቡ ጋር ካልገጠመ ወደ 4ኛው ደረጃ ተመለሱ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- «ካን ቱ ጎ»፣ «ሹድ ቱ ጎ»። ከረዳት ግስ በኋላ «ቱ» የለም። «እንዲሄድ» ውስጥ ያለውን «እንዲ» ለመተርጎም ከመፈለግ የሚመጣ ነው።
- «ካን ኤብል ቱ»። «ካን» ይበቃል፣ ወይም «ኢዝ ኤብል ቱ» በሉ። ሁለቱን ስትደርቡ መቻልን ሁለት ጊዜ ተናገራችሁ።
- «ፖሲቢሊቲ ቱ ክሎዝ»። «ፖሲቢሊቲ» ወደ «ዛት» ወይም ወደ «ኦፍ» ነው የሚሄደው፦ «ዘ ፖሲቢሊቲ ኦፍ ክሎዚንግ»።
- «ኖ ዳውት ዛት ሂ ማይት ካም»። «ጥርጥር የለም» ካላችሁ በኋላ «ምናልባት» አትጨምሩ። «ኖ ዳውት ዛት ሂ ዊል ካም» ነው።
- የስልክ መተርጎሚያ የሰጠውን እንዳለ መውሰድ። «ሊዘጋ ይችላል»ን ስታስገቡ «ካን» ሊያወጣላችሁ ይችላል። መተርጎሚያውን ከተጠቀማችሁም ውጤቱን በሦስቱ ጥያቄዎች አጣሩት።

መለማመጃ

መልሱን ሳታዩ አምስቱንም ደብተራችሁ ላይ ሥሩ።

ሀ. ድንቹን ዋግ ሊመታው ይችላል የሚል ስጋት አለ።
ለ. እስከ ሰከላ በእግሯ መሄድ መቻሏ አስገረመን።
ሐ. ሁለት ሳምንት ማረፍ አለባት የሚለው የሐኪሙ ምክር ረዳት።
መ. ርዕሰ መምህሩ ቤተ መጻሕፍቱን እንድንጠቀም ፈቃድ ሰጡን።
ሠ. አውቶቡሱ ደጀን ላይ ተበላሽቶ መሆን አለበት ወደሚል መደምደሚያ ደረስን።

መልስ

ሀ. ዜር ኢዝ ኤ ፊር ዛት ብላይት ሜይ አታክ ዘ ፖቴቶስ። «ማይት» እና «ኩድ»ም ትክክል ናቸው።

ለ. ዘ ፋክት ዛት ሺ ኩድ ዎክ ቱ ሰከላ ሰርፕራይዝድ አስ። አማርኛው ስም የለውም፣ ስለዚህ «ፋክት» አስገባን፤ «አስገረመን» ኃላፊ ስለሆነ «ካን» ወደ «ኩድ» ሄደ።

ሐ. ዘ ዶክተርስ አድቫይስ ዛት ሺ ሹድ ሬስት ፎር ቱ ዊክስ ሄልፕድ ሀር። «ሹድ»ን ትታችሁ «ሺ ሬስት» ካላችሁም ልክ ነው፤ «ሺ ሬስትስ» ካላችሁ የምክርን ቤተሰብ እንደገና አንብቡ።

መ. ዘ ፕሪንሲፓል ጌቭ አስ ፐርሚሽን ቱ ዩዝ ዘ ላይብረሪ። «ዛት»ም «ካን»ም የለም። «ፐርሚሽን ዛት ዊ ካን ዩዝ» ብላችሁ ከሆነ 2ኛውን ደረጃ ዘላችሁታል።

ሠ. ዊ ኬም ቱ ዘ ኮንክሉዥን ዛት ዘ ባስ መስት ሃቭ ብሮክን ዳውን አት ደጀን። «ኬም» ኃላፊ ቢሆንም «መስት» አልተለወጠም፤ ለግምት ሲሆን የኃላፊ መልክ ስለሌለው ያለፈውን ጊዜ «ሃቭ ብሮክን» ይሸከምለታል። «ሃድ ቱ» ብላችሁ ከሆነ አውቶቡሱ እንዲበላሽ ግዴታ ነበረበት ብላችኋልና ቀይሩት።